ክላክስ

ድሮ እኔ ስመጣ ሰፈሩ ያውቅ ነበር፤
ያቺ አሮጌ ናፍጣ
ስታስል፣ ስታጓራ፣ ውሻ ስታስደነብር፣
ገና ከመታጠፊያው ዜናዬ ቤት ይደርሳል፤
ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ሳህን ይለቀለቃል፣
ልጄ መጽሐፍ ይገልጣል፣
ባሌም በሩን ከፍቶ "መጣሽ?" ይለኛል።

ዘንድሮ ግን ሌላ ነው። ኤድመንተን፣ በጥር፣
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ሲቈጥር፣
ግራጫዋ ፒካፔ ሌሊቱን ከግድግዳው እንደ ጥጃ ስትጠባ አድራ፣
ወንበሯን አሙቃ፣ መስታወቷን አጥርታ፣
ትጠብቀኛለች ያለ ጭስ፣ ያለ ጉራ።
ስነካት አታስልም፣ አትንቀጠቀጥም፤
"ተነሥተሻል?" ብላት መልስ እንኳ አትሰጥም።
አራት መቶ ኪሎ ሜትር ብለው የሸጡልኝ
በዚህ ቅዝቃዜ ላይ
ሁለት መቶ ሠላሳ ሆኖ ነው የሚያድርልኝ።
ሃያ ሁለት ከረጢት የሴራሚክ ማጣበቂያ፣
የድንጋይ መቁረጫ፣ የጉልበት መከለያ፣
ጭኜ ስወጣማ ደግሞ ይቀንሳል፤
ሒሳብ የጠላሁበት ልጅነቴ ይመለሳል፤
"ሸርዉድ ፓርክ ደርሼ፣ ሌዱክ ታጥፌ ብመለስ
ስንት ይተርፈኛል? ማሞቂያው ይጥፋ? ጓንት ልልበስ?"

ጎረቤቴ ኦሌክሳ፣ የነዳጅ ጡረተኛ፣
"ዳቦ መጥበሻ ላይ ጎማ ገጠሙልሽ" ይላል፣ ቀልደኛ።
የእሱን መኪናስ ቢሆን፣ ዘይቷ እንደ ቅቤ እንዳይረጋ ብሎ
ክረምቱን ሶኬት ላይ አያስራትም
ገመድ ካፍንጫዋ ጥሎ?

ሥራ ቦታ ስደርስ መቁረጫዬን ከጀርባዋ እሰካለሁ፤
ጄኔሬተር አይጮኽም፤
በድንጋይና በድንጋይ መካከል ራሴን እሰማለሁ።

ይርዳው ባሌ ግን፣
ፎርት ማክመሪ፣ አሸዋ ከሚጠመቅበት፣
አሥራ አራት ዓመት ነው ዘይት እጁን ያወዛበት።
የዚህ ቤት ጣራ፣ በሩ፣ የልጄ የጥርስ ሽቦ፣
ከዚያ ጥቁር ጭቃ ነው የመጣው ተስቦ።
አምና በመስከረም "በቃህ" አሉት፣ ባንድ ወረቀት፤
አልጮኸም፣ አላማረረም፤ ሳቅ ብቻ ጨመረበት።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ወትሮ፣ የናፍጣዋን ኮፈን ገልጦ
ዘይት ይለካ ነበር፣ ዘንጉን ይዞ፣ ዓይኑን አፍጦ።
አዲሷ የመጣች ሳምንትም ጨርቁን ይዞ ወጣ፤
ኮፈኗን ከፈተ፤ ሞተር ፈልጎ አጣ።
ባዶ ሣጥን ውስጥ ጓንቴ፣ የምሳ ሳህኔ።
ጨርቁን አጣጥፎ ገባ። ምንም አላልሁት እኔ።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ቀረ፤ ደንበኛዬ ታማ፤
ከቀትር በኋላ ደረስሁ፣ ማንም ሳይሰማ።
ጎማ በረዶ ሲረግጥ ከሚወጣው ሹክሹክታ
ሌላ አዋጅ አልነበረኝም፣ ሌላ ሰላምታ።

በመስኮቱ አየሁት።
ብርቱካንማውን የሥራ ልብስ፣ አንጸባራቂ ጥብጣብ ያለው፣
ካምፑን ከለቀቀ ወዲህ ቁም ሣጥን ውስጥ የሰቀለው፣
ለብሶታል። ታጥቧል፤ ተተኩሷል። ቆቡን ጭኑ ላይ አኑሮ
ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣
ፈረቃ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ጫማውን አስሮ።

ማርሹን ወደ ኋላ አደረግሁ።
ድምፅ የላትም፤ ተመስገን። እንዳመጣጤ ወጣሁ።
ወንዙን ዳር ዳሩን ዞርሁ። ሃያ ደቂቃ። አራት በመቶ።
እንደዚያ ቀን ሳልሰስት ባትሪ አጥፍቼ አላውቅም።
ከዚያ ከመታጠፊያው ላይ መዳፌን ክላክሱ ላይ ጫንሁ፤
አንዴ አጭር። አንዴ ረዥም።
የኦሌክሳ ውሻ ጮኸ፣ መጋረጃ ተነቃነቀ፤
ቤት ስገባ ይርዳው በሹራብ፣
"መጣሽ?" አለኝ፤ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ አጮኻለሁ።
"ጸጥ ያለ መኪና ገዝተሽ፣ እማ፣ ምን ያስጮኽሻል?" ይላል ኢዮስያስ፤
"ለጥንቸሎቹ ነው" እለዋለሁ።

ትናንት ግን፣ ክላክሴ ገና ሳይበርድ፣ የጋራዡ በር ተከፈተ።
ይርዳው ቆሟል፣ ያን የቅዳሜ ጨርቅ ይዞ፤
የገመዱን ጫፍ ከበረዶ ጠረገው፣
ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ
ዓይኑን አፍጦ አየው።
"ስንት ቀረሽ?" አለኝ።
"አሥራ ዘጠኝ።"
"ያደርሳል" አለና
ሰካው።